ባቡር ያለበሳት ከተማ፤ የድሬዳዋ የዘወትር አለባበስ ታሪክ

የአንድ ከተማ ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚቀድሙት የመሥራቾቹ ስም፣ የታነጹት ሕንፃዎችና በዙሪያው የተደረጉት ጦርነቶች ናቸው። ሕዝቡ ወደ ሥራ ሲሄድ፣ ገበያ ሲወጣ፣ ማታ ደጅ ላይ ሲቀመጥ ምን ይለብስ እንደ ነበረ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ልብስ የአየሩን ጠባይ፣ የንግዱን መሥመር፣ የቀረጡን ሕግ፣ የሥራውን ዓይነትና የሃይማኖቱን ሥርዓት በአንድነት የሚያሳይ ምስክር ነው። ይህ በየትኛውም ከተማ እውነት ቢሆንም በድሬዳዋ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል፤ ምክንያቱም ድሬዳዋ የተወለደችው ከባቡር ነው፤ ልብሷንም ከአንድ መቶ ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ ያመጣላት በዚያው ሐዲድ ላይና በሐዲዱ አጠገብ የተዘረጋው ንግድ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲድ የመዘርጋት ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነበር። የመጀመሪያው ሐሳብ መሥመሩ ሐረርን እንዲነካ ነበር። ነገር ግን ሐረር ያለችበት ተራራማ ቦታ ለባቡር መውጫ እጅግ አስቸጋሪና ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ ሐዲዱ ከተራራው ሥር ባለው ሜዳ እንዲያልፍ ተወሰነ። ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ በደረሰ ጊዜ አዲሲቱ ከተማ «አዲስ ሐረር» ተባለች። የግንባታው ኩባንያ በገንዘብ እጥረት ተጨንቆ ሥራው ለዓመታት ስለ ቆመ፣ ድሬዳዋ የሐዲዱ መጨረሻ ሆና ቆየች። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን፣ ጠቅላላ ርዝመቱም 784 ኪሎ ሜትር ነበር። በመካከሉ በነበሩት ዓመታት ከባሕር የመጣው ዕቃ ሁሉ ድሬዳዋ ላይ ከፉርጎ እየወረደ በግመልና በበቅሎ ይጫን ነበር። ከሚወርደው ዕቃ ሁሉ ዋነኛው ደግሞ ጨርቅ ነበር።

በዚያ ዘመን በኢትዮጵያ ገበያ እጅግ ተፈላጊ የነበረው አቡጀዲ ነው። ያልነጣው የአሜሪካ አቡጀዲ እስከ ደጋው ድረስ ይሸጥ ነበር። የአሜሪካው መልእክተኛ ሮበርት ስኪነር በ1896 ዓ.ም. ከምኒልክ ጋር የንግድ ውል ለመዋዋል ሲመጣ ከጅቡቲ እስከ ድሬዳዋ በባቡር፣ ከዚያ ወዲያ በበቅሎ የተጓዘ ሲሆን፣ ከመምጣቱ ምክንያቶች አንዱ ይኸው የጥጥ ጨርቅ ንግድ ነበር። ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በኋላ ግን የጃፓን ፋብሪካዎች በርካሽ ዋጋ ገበያውን ያዙት። ኢትዮጵያና ጃፓን በ1923 ዓ.ም. የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋዋሉ፤ በ1924 ዓ.ም.ም ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓንን ጎብኝተው ያዩትን በመጽሐፍ ጻፉ። እንግዲህ የምሥራቅ ኢትዮጵያ ገበሬ የሚለብሰው ጨርቅ ከየት አገር እንደሚመጣ የሚወሰነው በሩቅ ዓለም በሚደረግ የፋብሪካዎች ውድድር ነበር፤ ፍርዱ የሚታየው ግን በድሬዳዋ ጉምሩክ ግቢ ውስጥ በተከመረው እስር ላይ ነው።

ጨርቁን የሚያከፋፍሉት ነጋዴዎች ከብዙ አገር የመጡ ነበሩ። ሕንዶች፣ የየመን ዐረቦች፣ ግሪኮችና አርመኖች ከአገሩ ነጋዴ ጎን ሱቅ ከፈቱ። የሕንዱ የመሐመድ አሊ ኩባንያ በ1929 ዓ.ም. ጣሊያኖች ከአገር እስኪያስወጡት ድረስ ከታወቁት የጨርቅ አስመጪዎች አንዱ ነበር። ከተማይቱም ራሷ በደቻቱ ወንዝ በሁለት ተከፍላ በሁለት ዓይነት መልክ አደገች። በአንድ በኩል የባቡር ኩባንያው በቀጥታ መንገዶችና በጥላ ዛፎች ያቀናው ከዚራ፣ በሌላው በኩል ጠባብ መንገዶች የተጠላለፉበትና የቀፊራ ገበያ የሚገኝበት መጋላ። ይህ አከፋፈል በአለባበስም ይታይ ነበር። በከዚራ የባቡር ኩባንያው ሹማምንትና ጸሐፊዎች ሙሉ ልብስና ኮፍያ፣ የጥገናው ሠራተኛ ቱታ ሲለብስ፣ በመጋላ ሽርጥ የታጠቀው ነጋዴ፣ ነጠላ ያጣፋችው እናትና ቀለሙ የደመቀ ሻሽ ያሰረችው ወይዘሮ በአንድ ጎዳና ይተላለፉ ነበር። «ሸሚኖ» የተባለው የባቡር ሠራተኛ ከሁለቱም ዓለም የነበረ ሰው ነው። ቀን በቱታ ከብረትና ከዘይት ጋር ይውላል፤ ማታ ገላውን ታጥቦ፣ ሽርጡን አገልድሞ፣ ሸበጡን ተጫምቶ ደጁ ላይ ይቀመጣል።

የድሬዳዋን አለባበስ ከደጋው የለየው ከሁሉ አስቀድሞ ሙቀቱ ነው። ከተማይቱ የምትገኘው ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሲሆን፣ በ55 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት የምትገኘው ሐረር ግን ከ1,800 ሜትር በላይ ናት። በደጋው ጋቢና ቡሉኮ የክብር ልብስ ሲሆኑ በድሬዳዋ ሸክም ናቸው። በመጽሐፍ ጸደይ የሚባለው ወቅት ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ሰኔ መጨረሻ ያለው ነው፤ በብዙ ሰው አነጋገር ግን ጸደይ ሲባል የሚታሰበው የመስከረም አበባ ነው። ለድሬዳዋ ሰው ትርጉም ያለው የመጀመሪያው ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ቀዝቀዝ ያሉ ወራት ለምሽት የተለበሰው ሹራብና ኮት በሚያዝያ ወደ ሣጥን ይገባል፤ ስሱ ሽቲ፣ እጅጌ ጉርዱ ሸሚዝና አዲሱ ሽርጥ ይወጣል። የደጋ ሰው ለብርድ ልብስ ሲደርብ የድሬዳዋ ሰው ለሙቀት ልብስ ይቀንሳል። ስለዚህ በዚህች ከተማ ልብስን ማደስ ማለት በአብዛኛው ማቅለል ማለት ነው።

ይሁንና ልብስ የሚታደስበትን ጊዜ የሚወስነው አየሩ ብቻ አይደለም። ፋሲካ በመጋቢት መጨረሻ ወይም በሚያዝያ ይውላል። የዒድ በዓላት ደግሞ በጨረቃ አቆጣጠር ስለሚሄዱ በየዓመቱ ዐሥራ አንድ ቀን ያህል ወደ ኋላ እየተሳቡ ወቅቶችን ሁሉ ይዞራሉ። ከዚህም የተነሣ በድሬዳዋ የሚሠራ ልብስ ሰፊ ሁለት የቀን መቁጠሪያዎችን መከተል ነበረበት። በዓላቱ በተራራቁባቸው ዓመታት ሥራው ተከፋፍሎ ይመጣል፤ ዒድና ፋሲካ በተቀራረቡባቸው ዓመታት ደግሞ የአንዱ ደንበኛ ቀሚስ ሳያልቅ የሌላው ሸሚዝ ይደርሳል። በዚህ ላይ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚጓዘው ምእመን ይጨመራል። ከአዲስ አበባና ከሌላም ክፍለ ሀገር የመጣው ተሳላሚ ስለቱን አግብቶ ሲመለስ በቀፊራ በኩል ሳያልፍና ለቤተ ሰቡ አንዳች ልብስ ሳይገዛ መሄድ አይወድም ነበር። የድሬዳዋ አለባበስ በመላው አገሪቱ ስም ያገኘበት አንዱ መንገድ ይህ ነው።

የሴቶቹ ልብስ በተለይ የብዙ ሕዝቦች ጉርብትና ውጤት ነው። ሶማሌዎች ከሚለብሱት ሰፊና ስስ ድሪያ፣ ሐረሪዎች ከሚወዱት ደማቅ ቀለም፣ ከኦሮሞዎቹ አለባበስና ከአማራው የሐበሻ ቀሚስ እያንዳንዱ ለሌላው አንዳንድ ነገር አውሷል። አንዲት የድሬዳዋ ሴት በአዘቦት ቀን ሽቲ፣ ለጎረቤት ሠርግ ድሪያ፣ ለጥምቀት የሐበሻ ቀሚስ ብትለብስ የሚያስደንቅ አልነበረም። ይህን ሁሉ የሚሰፋው ደግሞ በረንዳ ላይ መኪናውን የዘረጋው ልብስ ሰፊ ነው። በሐረር ጀጎል ውስጥ የልብስ ሰፊዎች መንገድ ከመኪናዎቹ ድምፅ የተነሣ «መኪና ግርግር» ተብሎ እንደ ተሰየመ የታወቀ ነው፤ ድሬዳዋም በገበያዋ ዙሪያ ተመሳሳይ ድምፅ ነበራት። የበረንዳው ልብስ ሰፊ የአንዱን ሕዝብ ልብስ ልክ ብቻ ዐውቆ መኖር አይችልም፤ ሥራው ራሱ የጎረቤቱን ወግ እንዲያጠና ያስገድደዋል።

ድሬዳዋ ጨርቅ ተቀባይ ብቻ ሳትሆን ጨርቅ ሠሪም ነበረች። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተተከለውና በኋላም የተስፋፋው የጥጥ ፋብሪካ፣ ሕዝቡ «ኮተኒ» እያለ የሚጠራው፣ ከአገሪቱ ቀደምት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች አንዱ ነው። አቡጀዲና ሌላም የጥጥ ጨርቅ እያመረተ ብዙ ሺህ ቤተ ሰብ አስተዳደረ። የእግር ኳስ ቡድኑም በ1950ዎቹ ዓ.ም. የኢትዮጵያን ሻምፒዮና ደጋግሞ በማሸነፍ የፋብሪካውን ስም ጨርቁ ካልደረሰበት ቦታ አደረሰው። በ1967 ዓ.ም. ታላላቅ ፋብሪካዎች ወደ መንግሥት ሲዛወሩ ኮተኒም የመንግሥት ሆነ።

ይሁን እንጂ ከፋብሪካው በር ብዙ ሳይርቅ የሚያልፈው ባቡር የፋብሪካው ተወዳዳሪ ነበር። ከጅቡቲ በቀረጥም ያለ ቀረጥም የሚገባው የውጭ ጨርቅ ርካሽና ስስ፣ ቀለሙም የሚማርክ ነበር። ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት የውጭ ዕቃ በጥብቅ ሲወሰንና የመደብሮች መደርደሪያ ሲሳሳ፣ የድሬዳዋ ኮንትሮባንድ ይበልጥ ተፈላጊ ሆነ። ቴትሮን ሱሪ፣ ናይለን ሸሚዝ፣ ጂንስ፣ ሽቶና ሰዓት ከዚህ ተነሥተው እስከ አዲስ አበባ ይደርሱ ነበር። ከነጋዴዎቹ ብዙዎቹ ልጆቻቸውን ለማሳደግ የሚጥሩ ሴቶች ነበሩ። ፈታሹን ለማለፍ ሦስትና አራት ቀሚስ ደራርቦ መልበስ፣ ጨርቅን በወገብ መጠምጠም፣ ዕቃን ለመንገደኛ ከፋፍሎ ማስያዝ የታወቁ ዘዴዎች ነበሩ። በዚያ ሙቀት አራት ልብስ የደረበች ሴት የለበሰችው ለጌጥ አልነበረም፤ የልጆቿን ቀለብና የትምህርት ቤት ወጪ ተሸክማ ነበር የምትጓዘው። በ1969 ዓ.ም. በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ድልድዮች ፈርሰው ባቡሩ ለወራት በቆመ ጊዜ፣ ከተማይቱ ኑሮዋ ምን ያህል በዚያ ሐዲድ ላይ እንደ ተንጠለጠለ በግልጽ አየች።

እዚህ ላይ የታሪኩ ዋና ቅራኔ ይታያል። ለድሬዳዋ ሰው ከገቢው በላይ አምሮ የመልበስን ዕድል የሰጠው ንግድ፣ ለዚያው ሰው ደመወዝ የሚከፍለውን ፋብሪካ ገበያ ይሻማ ነበር። በአንድ ቤት ውስጥ አባት በኮተኒ ሸማኔ መኪና ላይ ሲሠራ እናት የጅቡቲ ጨርቅ ስትሸጥ ማየት እንግዳ ነገር አልነበረም። ሁለቱም ለአንድ ማዕድ ነበር የሚደክሙት። ጥፋቱን በአንደኛው ላይ ብቻ መጣል ቀላል ነው፤ ታሪኩ የሚያሳየው ግን ሌላ ነው። የአገር ውስጡ ፋብሪካ ለቆላው ሰው የሚስማማ ስስና ደማቅ ጨርቅ በበቂ አላቀረበም፤ ሸማቹ የፈለገውን ያገኘው ከባሕር ማዶ ነው። ሸማች አገሩን ስለ ጠላ ሳይሆን ሙቀት ስለ በዛበት ልብስ ይመርጣል።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ንግዱ ሲለቀቅ የተሰፋ ልብስ ከእስያ በብዛት ገባ፤ «ታይዋን» የተባለው የገበያ ሰፈርም ስሙ ራሱ የዕቃውን ምንጭ የሚናገር ሆነ። ሕግ የከለከለው ሰልባጅም በየጥጋጥጉ ተሸጠ። የአገሪቱ የገቢ ዕቃ በአብዛኛው በጋላፊ በኩል በጭነት መኪና መጓዝ ሲጀምር የድሬዳዋ ድርሻ ቀነሰ። ከ2000 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ከአዲስ አበባ የሚመጣው አሮጌው ባቡር ቆመ፤ የኮተኒም ሥራ እየተዳከመ ሄደ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያው ከመካከለኛው ከተማ ርቆ ስለ ተሠራ፣ እንደ ቀድሞው መንገደኛን በቀጥታ ከገበያው ደጅ አያወርድም። በሌላ በኩል ከተማይቱ የኢንዱስትሪ ፓርክ አግኝታለች፤ በ2014 ዓ.ም.ም የአገሪቱ የመጀመሪያ ነጻ የንግድ ቀጣና በድሬዳዋ ተከፍቷል።

እነዚህ አዳዲስ ተቋማት ለከተማይቱ ምን እንደሚያስገኙ የሚመዘነው ወደ ውጭ በሚልኩት ብዛት ብቻ መሆን የለበትም። የድሬዳዋ ልብስ ሰፊዎች ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ያካበቱት ዕውቀት አለ። በሙቀት አገር ጨርቅ እንዴት እንደሚቆረጥ፣ ነፋስ በየት በኩል እንዲገባ እንደሚደረግ፣ የትኛው ቀለም ፀሐይን እንደሚችል፣ በየትኛው በዓል ምን ዓይነት ልብስ እንደሚፈለግ ያውቃሉ። ይህ ዕውቀት በመጽሐፍ አልተጻፈም፤ ያለው በእጃቸው፣ በልክ መመዝገቢያ ደብተራቸውና በየቤቱ ግድግዳ ላይ በተሰቀሉት ፎቶግራፎች ነው። ባለቤቶቹ ባረጁ ቁጥር አብሯቸው ይሄዳል።

ስለዚህ የታሪክ ጸሐፊም ሆነ የስፌትና የጨርቃ ጨርቅ ባለሙያ በዚህ ረገድ የሚጠብቀው ሥራ አለ። አሮጌዎቹን የልክ ደብተሮች፣ የፋብሪካውን የጨርቅ ናሙናዎች፣ የሸሚኖዎቹን የሥራ ልብስና የነጋዴ እናቶችን ትዝታ መሰብሰብ ከባድ ወጪ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ጊዜው ሳያልፍ መጀመርን ነው። ድሬዳዋ ለረጅም ዘመን የለበሰችው ሌሎች የሠሩላትን ጨርቅ ነው፤ አሰፋፉንና አለባበሱን ግን የራሷ አድርጋዋለች። ወደፊት ጨርቁንም ራሷ ለመሥራት ከተነሣች፣ መነሻ የሚሆናት በረንዳ ላይ ከመኪናው ጋር የተቀመጠው ሰው የሚያውቀው ዕውቀት ነው።