የቆሰለ ወታደር ጦርነት መቼ ያበቃል?

የካቲት 1933 ዓ.ም. ጣሊያን የቡሬን ምሽግ ለቆ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲያፈገፍግ፣ የጎጃም አርበኛ ድሉንም ቁስሉንም ይዞ ቤቱ ገባ። በገጠር ሐኪሙ ወጌሻ፣ አስታማሚዋም ሚስቱ ነበረች።

ሃምሳ ዓመት አለፈ። ግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ወደቀ፤ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ወታደርም ተበተነ። የቀድሞ ሠራዊት አባላትንና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽን ወዲያው ተመሠረተ፤ ወደ ገጠር ለሚመለሰውም ቀለብና የእርሻ መነሻ ሰጠ።

ይሁንና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ እግሩን አጥቶ ወደ እርሻው ለተመለሰ ሰው ቀለብ ብቻ ምን ይሠራለታል? ሰው ሠራሽ እግር በጭቃና በድንጋይ ያልቃል፤ በየጥቂት ዓመቱ መለወጥ አለበት። ኮሚሽኑ ግን ሥራውን ጨርሶ ተዘጋ።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን የተደረገው ጦርነት ደግሞ አዳዲስ ቁስለኞችን ጨመረ። እንግዲህ የእነዚህ ሕክምና መታሰብ ያለበት በኮሚሽን ዘመን ሳይሆን በሰው ዕድሜ ልክ ነው።