የነጭ ፓይን ቦንሳይ

የጃፓን ነጭ ፓይን አምስት አምስት ሆነው የሚወጡ መርፌ መሰል ቅጠሎች ያሉት፣ ለቦንሳይ (ዛፍን በማሰሮ ውስጥ አሳንሶ የማሳደግ ጥበብ) እጅግ ተፈላጊ ዛፍ ነው። ከችግኝ ጣቢያ የሚገዛው ብዙውን ጊዜ በጥቁር ፓይን ሥር ላይ የተቀጠለ ስለሆነ፣ ሲመረጥ ከቅርንጫፎቹ በፊት መጋጠሚያው ይታያል፤ ቅርንጫፍ ይታረማል፣ ያበጠ መጋጠሚያ ግን ለማረም እጅግ ያስቸግራል። ቅዝቃዜው አልፎ እንቡጡ ማበጥ ሲጀምር ወደ ሌላ ማሰሮ ይዛወራል። አሮጌው አፈር በአንድ ጊዜ ተራግፎ አያልቅም፤ ሥሩን የሚያግዘው ፈንገስ በውስጡ ይኖራልና። በዓመት አንዴ ብቻ ስለሚያቆጠቁጥ ለጋው ቀንበጥ በከፊል ይቀነጠባል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይቆረጥም። ቅርጹ በቀዝቃዛው ወራት በሽቦ ይያዛል። ሥራው ትውልድ ይሻገራል፦ እ.ኤ.አ. ከ1625 ጀምሮ ሲገራ የኖረ አንድ ነጭ ፓይን በ1945 ከሂሮሺማ አቶሚክ ቦምብ ተርፎ፣ በ1976 ለአሜሪካ ተሰጥቶ ዛሬ በዋሽንግተን ይገኛል።