ጨረር አፍላቂ ብረቶች በነቀርሳ ምርመራ
አጭር የታሪክ ዳሰሳ

የሕክምና መሣሪያዎች ታሪክ ሲነገር ዘወትር ጎልቶ የሚታየው የመሣሪያው ግዝፈትና የምስሉ ጥራት ነው። በበሽተኛው ደም ሥር ገብታ ምስሉን የምታስገኘው ጥቂት ጠብታ ግን ትዘነጋለች። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዚህችኑ ጠብታ ታሪክ፣ በተለይም ጨረር አፍላቂ የሆኑትን የመዳብ፣ የጋሊየምና የዚርኮኒየም አይሶቶፖች ታሪክ ባጭሩ ማቅረብ ነው። ታሪኩ አንድ ጥያቄ ያዘለ ነው። ይኸውም በ1960 የታወቀ አንድ መሣሪያ በሆስፒታሎች ተገቢውን ቦታ ለማግኘት አርባ ዓመት ያህል የጠበቀው ስለ ምንድን ነው? የሚል ነው። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ የአሠራሩን መሠረት እንመልከት። አንዳንድ አይሶቶፖች ሲፈራርሱ ፖዚትሮን ይለቃሉ። ካርል አንደርሰን በ1932 ያገኘው ይህ ቅንጣት ክብደቱ ከኤሌክትሮን ጋር እኩል ሆኖ አዎንታዊ ሙል ያለው ነው። በሰውነት ውስጥ ጥቂት ተጉዞ ከኤሌክትሮን ጋር ሲገናኝ ሁለቱም ይጠፋሉ፤ በምትካቸውም እያንዳንዳቸው 511 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ያላቸው ሁለት ጋማ ጨረሮች በተቃራኒ አቅጣጫ ይወጣሉ። እንግዲህ በበሽተኛው ግራና ቀኝ የተቀመጡ ሁለት ጠቋሚዎች በአንድ ቅጽበት ምልክት ከሰጡ፣ የጨረሩ ምንጭ ሁለቱን በሚያገናኘው መስመር ላይ ይገኛል ማለት ነው። ብዙ መስመሮች ተሰብስበው ሲሰሉ ምስል ይሆናሉ።

ይህን ሐሳብ በሥራ ላይ ካዋሉት ቀዳሚዎች መካከል በቦስተን ከተማ በማሳቹሴትስ ጀነራል ሆስፒታል የነበሩት የፊዚክስ ሊቁ ጎርደን ብራውኔልና የአንጎል ቀዶ ሐኪሙ ዊልያም ስዊት ይገኙበታል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ሁለት ጠቋሚዎችን ፊት ለፊት በማቆም የአንጎል ዕጢ ያለበትን ቦታ ለመለየት ችለዋል። ከተጠቀሙባቸው አይሶቶፖች አንዱ 12.7 ሰዓት ግማሽ ዕድሜ ያለው መዳብ-64 ነበር። ስለዚህ የፖዚትሮን ምርመራ ገና ከጅምሩ ከብረታ ብረት ጋር የተቆራኘ ነው ለማለት ይቻላል።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ጋሊየም-68 ነው። ግማሽ ዕድሜው 68 ደቂቃ ብቻ ስለሆነ ከሩቅ አምርቶ ማጓጓዝ እጅግ አዳጋች ነው። ችግሩን የሚያቃልለው ወላጁ ጀርማኒየም-68 ነው። ጀርማኒየሙ በ271 ቀን ግማሽ ዕድሜ ቀስ ብሎ ሲፈራርስ ጋሊየምን ይወልዳል። ወላጁን በአንድ ቱቦ ውስጥ አስሮ ልጁን ብቻ በፈሳሽ አጥቦ ማውጣት ከተቻለ፣ ሆስፒታሉ ሳይክሎትሮን ሳይኖረው በየቀኑ አይሶቶፕ ያገኛል። ግሌሰን ልጁን ከወላጁ የሚለይ ዘዴ በ1960 ሲያሳትም ስሙን «የፖዚትሮን ላም» ብሎታል። ስያሜው ለእኛ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ጥገት ላም ጠዋት ታልባ ማታ ደግሞ እንደምትታለብ ሁሉ፣ ይህችም ከታለበች ከአራት ሰዓት በኋላ ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆነውን ትሞላለች። ነገር ግን በዚሁ ሒሳብ፣ ታልቦ አራት ሰዓት የቆየ ጋሊየም ከአሥር እጁ አንድ እጅ እንኳ አይቀረውም። የተወለደውም የጠፋውም በአንድ ሕግ ነው።

በበርክሊ ዩኒቨርሲቲ በኤሌክትሪክ ምሕንድስና የተመረቀው ሐል አንገር ለዚህ ላም የሚስማማ የፖዚትሮን ካሜራ ሠርቶ፣ ከባልደረቦቹ ጋር በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአንጎል ዕጢዎችን በጋሊየም-68 አሳይቷል። እዚህ ላይ ሥራው የተሟላ ይመስል ነበር፤ ሆኖም ወደ ኋላ ቀረ።

ለዚህ ሁለት ምክንያቶች ይጠቀሳሉ። የመጀመሪያው ኬሚስትሪ ነው። ጋሊየም በደም ውስጥ ለብቻው ከተለቀቀ፣ ጠባዩ ከተራው ብረት ጋር ስለሚመሳሰል ትራንስፈሪን የተባለው ብረት ተሸካሚ ፕሮቲን ይነጥቀዋል። ስለዚህ አንጥረኛ የጋለ ብረት በጉጠት እንደሚይዝ፣ ጋሊየሙንም ጨብጦ የሚይዝ ውሁድ ያስፈልጋል። የያኔዎቹ ላሞች ይታለቡ የነበሩት ኢ.ዲ.ቲ.ኤ. በተባለ ጉጠት ነበር። እርሱም ጋሊየሙን አጥብቆ ስለሚይዝ፣ ከዚያ አላቆ ዕጢ ፈላጊ በሆነ ሌላ ውሁድ ላይ ማሰር ረጅም ሥራ ይጠይቃል፤ 68 ደቂቃው ግን አይጠብቅም። ሁለተኛው ምክንያት ተወዳዳሪ መምጣቱ ነው። በብሩክሄቨን ቤተ ሙከራ የተሠራው የቴክኒሺየም-99ኤም ላም ስድስት ሰዓት ግማሽ ዕድሜ ያለው፣ ለተራው የአንገር ካሜራ የሚመች አይሶቶፕ ስለሚሰጥ ሆስፒታሎች ወደዚያው አዘነበሉ።

የፖዚትሮን ምርመራ ራሱም በ1970ዎቹ በሌላ መንገድ ተጓዘ። በ1976 በፍሎሪን-18 የታሰረ ስኳር በሰው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሞከረ። ብዙ የነቀርሳ ዓይነቶች ስኳር አብዝተው ስለሚወስዱ ይህ ውሁድ የፔት ምርመራ ዋና መሣሪያ ሆነ። ይሁን እንጂ ሁሉም ነቀርሳ ስኳር ወዳድ አይደለም። የፕሮስቴት ነቀርሳና ቀስ ብለው የሚያድጉ ሆርሞን አመንጪ ዕጢዎች ብዙውን ጊዜ በስኳር ምስል ላይ ደብዝዘው ይቀራሉ። በዚህም ምክንያት የበሽታውን ስፋት ያላየ ቀዶ ሐኪም፣ ዕጢው ወደ ሌላ አካል መዛመቱን ሳያውቅ ቢላዋውን ሊያነሣ ይችላል።

ብረቶቹ የተመለሱት ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። ላሟ በኢ.ዲ.ቲ.ኤ. ፈንታ በቀጭን አሲድ የምትታለብ ሆና ተሻሻለች፤ ጋሊየሙም ያለ ጉጠት ነጻ ሆኖ ወጣ። በዚያው ዘመን ዶታ የተባለው አዲስ ጉጠት፣ በዕጢው ገጽ ላይ ያለውን መቀበያ ከሚፈልግ አነስተኛ ፔፕታይድ ጋር ተያያዘ። በ2001 በጋሊየም-68 የታሰረው ዶታቶክ በበሽተኞች ላይ የሰጠው ምስል ታተመ። በ2012 ደግሞ በሃይደልበርግ የተሠራው ለፕሮስቴት ነቀርሳ የሚውለው ፒ.ኤስ.ኤም.ኤ.-11 ተገለጸ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ጋሊየም-68 ዶታቴትን በ2016፣ ፒ.ኤስ.ኤም.ኤ.-11ን በ2020 አጽድቋል። ብራውኔልና ስዊት የጀመሩበት መዳብ-64ም በዚያው በ2020 በዶታቴት ታስሮ ፈቃድ አግኝቷል። በደም ውስጥ ለቀናት ለሚዘዋወሩት ፀረ-አካሎች ደግሞ 78 ሰዓት ግማሽ ዕድሜ ያለው ዚርኮኒየም-89 ተመረጠ። ደንቡ ግልጽ ነው፤ የብረቱ ዕድሜ ከተሸካሚው ፍጥነት ጋር መመጣጠን አለበት።

ከሁሉ የላቀው ጥቅም ግን ሌላ ነው። ያው ዶታ ጋሊየምን ሲለቅ ሉቴሺየም-177ን ሊጨብጥ ይችላል። ይህ ብረት ዕጢውን በቅርብ የሚያቃጥል ቤታ ጨረር ይረጫል፤ በዶታቴት ታስሮ በ2018 በአሜሪካ ለሕክምና ተፈቅዷል። በአንዱ ብረት ታይቶ በሌላው መታከም ተቻለ ማለት ነው።

ይህ ሲባል ግን የላሟን ጉድለት መሸሸግ አይገባም። ከአንድ አለባ የሚገኘው ለጥቂት በሽተኞች ብቻ ነው፤ ዋጋዋም ከፍተኛ ነው፤ ወላጁ ጀርማኒየም ወደ ጠብታው እንዳይሾልክ ዘወትር መመርመር አለበት። ጀርማኒየሙ ራሱም የሚመረተው በሳይክሎትሮን ስለሆነ፣ ላሟ ያለው ሆስፒታል ከሩቁ አምራች ፈጽሞ ነጻ አይወጣም። ልዩነቱ፣ በየቀኑ መጠበቅ የነበረበት ጭነት በዓመት አንድ ጊዜ ገደማ የሚመጣ መሆኑ ነው። መንገዱ ረጅም፣ በረራው ጥቂት በሆነበት አገር ላለ ሆስፒታል ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ ምርመራ በመኖሩና ባለመኖሩ መካከል ያለ ልዩነት ሊሆን ይችላልና።

እንግዲህ ከላይ ላነሣነው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። በ1960 የጎደለው የጨረሩ እውቀት ወይም ካሜራው አልነበረም፤ ጉጠቱ ነበር። አንድ የምሕንድስና ሥራ ፍሬ የሚሰጠው ከጎኑ ያሉት ክፍሎች ሁሉ ሲደርሱ ነው። ስለዚህ በየመሥሪያ ቤታችን «ተሞክሮ አልሠራም» ተብሎ በመዝገብ የተዘጋ ሐሳብ ሲያጋጥመን፣ ሐሳቡ ስሕተት ስለነበረ ነው ወይስ ጉጠቱ ስላልተሠራለት? ብሎ መጠየቅ የሙያችን ግዴታ ነው።