የቴክሳስ ቧንቧዎች ለምን ፈነዱ?

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 ቴክሳስ ውስጥ ውሃ ከኮርኒስ እየወረደ ሳሎን ሲያጥለቀልቅ በቪዲዮ ያላየ ጥቂት ነው። ዳላስ ዘመድ ያለው ደግሞ በስልክ ሰምቷል። ሁሉም ብርዱን ረገመ። ብርዱ ግን እንግዳ አልነበረም።

በዲሴምበር 1989 ማመንጫዎች በቅዝቃዜ ቆመው መብራት በፈረቃ ሆነ (አዎ፣ እኛ የምናውቀው ፈረቃ)። በፌብሩዋሪ 2011 ተደገመ። የፌዴራል ተቆጣጣሪዎች በዚያው ዓመት ባወጡት ሪፖርት ማመንጫዎቹ ለብርድ ይዘጋጁ አሉ፤ ከ1989 በኋላ የተሰጠው ምክር በቅጡ እንዳልተተገበረም ጻፉ። ይህም ምክር ሆኖ ቀረ። ግዴታ ስላልነበረ ወጪውን የደፈረ ጥቂት ነው።

ቤቶቹም ለሙቀት የተሠሩ ናቸው። በብዙዎቹ ቧንቧው ከኮርኒስ በላይ ወይም በውጭው ግድግዳ ውስጥ ያልፋል። ቤቱ እስከሞቀ ድረስ ችግር የለውም። መብራት ሲጠፋ ግን ማሞቂያው ቆመ። ውሃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ያህል ይሰፋል፤ ቧንቧውን አብዛኛውን ጊዜ የሚያፈነዳው በበረዶውና በተዘጋው መክፈቻ መካከል የታፈነው ውሃ ግፊት ነው። «ጠብ ጠብ እያለ ይደር» የሚባለው ለዚህ ነው። ሂውስተን ላይ ይህም አልሠራም፦ የከተማው የውሃ ግፊት ስለወረደ ነዋሪው ውሃ እንዳያንጠባጥብ ተለመነ።

ግዛቱ ራሱ ባመነው ቁጥር 246 ሰው ሞተ። ማመንጫዎችን ለብርድ እንዲዘጋጁ የሚያስገድደው ሕግ የተፈረመው በጁን 2021 ነው፤ ከ1989ኙ ብርድ 31 ዓመት በኋላ።