ታርዛንን ያስጠነቀቁት የጎንደር ልጆች

በልጅነቴ ሁምቦ ጠበላ ላይ ሲኒማ ቤት አልነበረም። የነበረው ቪዲዮ ቤት ነው፦ የጭቃ ግድግዳ፣ አግዳሚ ወንበር፣ መብራት ሲጠፋ የሚንደቀደቅ ጀነሬተር። ሃምሳ ሳንቲም ከፍለን ራምቦን እናያለን። ጠላት ከኋላው ሲመጣበት ቤቱ በጩኸት ይናጋል፤ «መጣብህ! ዙር!» ራምቦ የማን ወታደር እንደሆነ፣ የሚረግፉት ሰዎች ምን እንደበደሉት የጠየቀ ልጅ አላስታውስም።

ኋላ የኃይሌ ገሪማን ቃለ ምልልስ ሳነብ ደነገጥኩ። እ.ኤ.አ. በ1946 ጎንደር የተወለደው ይህ የፊልም ሰው የሚያወራው ስለ እኛ ነበር የሚመስለው። እሱና ጓደኞቹ ፊልም አይተው ሲወጡ በጎንደር ዙሪያ ባሉ ተራሮች ላይ ካውቦይና ሕንድ ይጫወታሉ፤ ሕንዶቹ እንዲያሸንፉ የሚፈልግ ግን የለም። አፍሪካውያን በታርዛን ጀርባ አድፍጠው ሲመጡ ደግሞ ታርዛንን ለማስጠንቀቅ ጉሮሯቸው እስኪሰነጠቅ ይጮሃሉ። የሚጮኸው ልጅ አባት ማን ነው? ገሪማ ታፈረ፤ ተውኔት ጸሐፊ፣ የጎንደር አርበኞችን ታሪክ «ጎንደሬ በጋሻው» ብሎ የጻፈ ሰው። ቤት ውስጥ የአርበኛ ታሪክ፣ ፒያሳ ላይ ታርዛን! የኃይሌ ሥራ በሙሉ የዚህ ግጭት ውጤት ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1967 ቲያትር ሊማር ቺካጎ ሄደ፣ ከዚያ ሎስ አንጀለስ። በአብዮቱ ትርምስ መሀል ተመልሶ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በሁለት ሳምንት፣ በጥቁርና ነጭ ቀረጸ። «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ፣ በዓመቱ ዋጋዱጉ ላይ ተሸለመ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ጎንደር ሄጄ ነበር። አስጎብኚዬ ጎበዝ ልጅ ነው፤ ፋሲል ግንብ፣ መዋኛው፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ እያንዳንዱን ንጉሥ ከነዘመኑ ይዘረዝራል። ጣሊያን በሠራው ፒያሳ በኩል ግን ቡና ለመጠጣት ብቻ አለፍን። ስለ ኃይሌ ስጠይቀው «አውቀዋለሁ፣ ግን ቱሪስት አይጠይቅም» አለኝ። እውነቱን ነው። ያልተነገረውን ማን ይጠይቃል?

እንግሊዝ አገር ብሪስቶል ከተማ ግን እንዲህ አይደለም። ኬሪ ግራንት እዚያ እ.ኤ.አ. በ1904 አርቺባልድ ሊች ተብሎ ሲወለድ የድሃ ልጅ ነበር። እናቱ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ስትገባ ለልጁ እውነቱ አልተነገረውም፤ በሕይወት መኖሯን ያወቀው ሠላሳ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በስሙ ፌስቲቫል አለ፤ ሰዎች በአስጎብኚ እየተመሩ የተወለደበትን ሰፈርና በልጅነቱ ከመድረክ ጀርባ የሠራበትን ሂፖድሮም ቲያትር በእግራቸው ይዞራሉ። ቤተ መንግሥት የለም፤ ተራ የሠራተኛ መኖሪያ ነው።

እኛ ዘንድ ተራ ሰፈር ቅርስ ተብሎ አይመዘገብም፤ ስለዚህ ሲፈርስ ማንም አይከራከርለትም። አዲስ አበባ ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ አይተናል። አዲሱ መንገድ ሰፊ ነው፣ አልክድም። ነገር ግን ከዚያ ሰፈር የወጣ ልጅ ነገ ታዋቂ ቢሆን አስጎብኚው የት ያቆመናል? የብስክሌት መስመር ላይ?

ጎንደር ላይ ገና ጊዜ አለ። ፒያሳ አለ፣ ተራሮቹም የትም አይሄዱም። ለጸጥታው ችግር እንጂ ለጉብኝቱ ሁለት ሰዓት ይበቃል፦ ከፒያሳ ተነስቶ፣ ልጆቹ ካውቦይ ወደተጫወቱበት ዳገት።

ባለፈው ክረምት ጠበላ ስሄድ ቪዲዮ ቤታችንን ፈለግኩ። አሁን የሞባይል መለዋወጫ ይሸጥበታል። ባለሱቁን «እዚህ ጋ ምን እንደነበር ታውቃለህ?» ብለው ወጣት ነውና ሳቀ፤ ከጎረቤት ያሉ አንድ ጋሼ ግን ሰምተው «ራምቦ!» ብለው ጮኹ።