የወል ከለላ፦ የጎረቤት ውሻ ክትባት ለእኛ ምን ይፈይዳል?

«የኔ ውሻ ከግቢ አይወጣ፤ ክትባቱ ምን ይሠራለታል?» ይሉኛል ጎረቤቴ፣ የውሻ ክትባት ወሬ በተነሳ ቁጥር። ውሻቸው ቀን ታስሮ ይውላል፣ ማታ ይለቀቃል፤ ከበሩ ሥር ያለው ክፍተትም የሚያስገባና የሚያስወጣው አይታጣም። መልሱን አውቀዋለሁ። የሚቸግረኝ ባጭሩ የሚገልጽልኝ ቃል ነው።

በእንግሊዝኛ «ኸርድ ኢሚዩኒቲ» ይባላል። በኮሮና ሰሞን «የመንጋ መከላከያ» ሲባል ሰምተናል፤ ለጆሮዬ ሁለቱም ቃላት አይመቹም። ሰውን መንጋ ማለት ስድብ ነው፤ «መከላከያ» ሲባል ደግሞ ቀድሞ የሚመጣብን ወታደሩ ነው። እኔ የምመርጠው «የወል ከለላ»ን ነው። የወል ስምን ከሰዋስው ትምህርት፣ የወል መሬትን ከገጠር እናውቀዋለን፤ አንዱ የማያጥረው፣ የሁሉም የሆነ ማለት ነው። ከለላም ከዝናብ፣ ከፀሐይ፣ ከጥይት የሚጋርድ ነገር ነው። አንድ ላይ ሲሆኑ ትርጉሙ ይህ ነው፦ በአንድ አካባቢ ካሉት እንስሳት በቂ ያህሉ ተከትበው በሽታው የሚሻገርበት ሲያጣ፣ ላልተከተበው ጭምር የሚተርፍ ጥበቃ።

እንግሊዝኛው «መንጋ» ያለው ግን ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቃሉ የተወለደው በረት ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ በአሜሪካ ላሞች በተላላፊ በሽታ ያስወርዱ ነበር፤ ዛሬ ብሩሴሎሲስ የምንለው ነው። አርቢው ያስወረደችውን ላም ሸጦ ወይም አርዶ ሌላ ይገዛል። የካንሳሱ የእንስሳት ሐኪም ጆርጅ ፖተር፣ ከባልደረባው ከአዶልፍ አይክሆርን ጋር፣ ነገሩ የተገላቢጦሽ መሆኑን አዩ። በሽታው አንዴ የያዛት ላም አብዛኛውን ጊዜ ዳግመኛ አታስወርድም። እሷን አስወጥቶ በሽታውን የማታውቅ ላም ማስገባት ሊከስም በተቃረበ እሳት ላይ ማገዶ መጨመር ነው። ስለዚህ የቆዩትን ላሞች አቆዩ፣ ጥጃቸውን አሳድጉ፣ ከውጭ አታስገቡ አሉ።

ያ የአርቢዎች ስህተት ዛሬም በየከተማው ይደገማል፤ በላም ፈንታ በውሻ። የእብድ ውሻ በሽታ ተሰማ ሲባል ባለቤት የሌላቸውን ውሾች በመርዝ መፍጀት ይጀመራል። ከሞቱት መሀል ተከትበው የነበሩም አሉ። የቆሻሻ ገንዳውና የልኳንዳ ቤቱ ትርፍራፊ ግን እዚያው ስላለ ከሌላ ሰፈር የመጡና አዲስ የተወለዱ ክፍት ቦታውን ይሞሉታል፤ እነዚህ ደግሞ መርፌ አይተው አያውቁም። የዓለም ጤና ድርጅትም ውሻን በጅምላ መግደል ብቻውን በሽታውን እንደማይገታ ይናገራል።

ታዲያ «በቂ» ስንት ነው? እንደ በሽታው ይለያያል። ኩፍኝ እጅግ ተላላፊ ስለሆነ ከ100 ሰው 95ቱ መከተብ አለባቸው። የእብድ ውሻ በሽታ በንክሻ የሚሻገር ስለሆነ ግን አንድ የታመመ ውሻ በአማካይ ከሁለት ለማይበልጡ ውሾች ብቻ ነው የሚያስተላልፈው። በስሌት ብቻ ከሆነ ከግማሽ ያነሱት ቢከተቡም ሊበቃ ይችላል። የዘመቻው ግብ ግን 70 በመቶ ነው። ልዩነቱን ያመጣው የውሻ ዕድሜ ማጠር ነው። ሃያ ውሾች ያሉበት ሰፈር 14ቱን ቢያስከትብና በዓመቱ ስድስት ውሾች ቢሞቱ፣ ከነሱም አራቱ የተከተቡ ቢሆኑ፣ በምትካቸውም ስድስት ቡችሎች ቢያድጉ፣ የቀሩት የተከተቡ 10 ብቻ ናቸው። ማንም ምንም ሳያጠፋ 70ው 50 ሆነ። ከለላው እንደ ሣር ጣሪያ ነው፤ በየጊዜው ካልታደሰ ያፈሳል።

ጥቂቶች ተከትበው ለብዙዎች ከለላ ሊሆኑ እንደሚችሉ ግን ከባሌ ተራሮች የተሻለ ማሳያ አላውቅም። በዓለም ከ500 የማይበልጡት ቀይ ቀበሮዎች ትልቁ መኖሪያቸው እዚያ ነው፤ በሽታው የሚደርስባቸው ከእረኞች ውሾች ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በዌብ ሸለቆ ወረርሽኝ ገብቶ ብዙዎቹን ጨረሰ። ቀበሮዎቹን ሁሉ ይዞ መከተብ የማይታሰብ ነበር። ባለሙያዎቹ ሸለቆውን ከሌሎች መኖሪያዎች ጋር በሚያገናኙት ጠባብ መተላለፊያዎች ያሉትን ቀበሮዎች መርጠው ከተቡ፤ በሽታውም ሳይዛመት ቀረ። ትክክለኛው በር ላይ የቆሙ ጥቂቶች ለብዙዎች ጋረዱ። በአካባቢው ያሉ የቤት ውሾችን መከተብ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሲሠራበት የኖረ ነው።

ቃሉ ያለ ቦታው እንዳይገባ ያህል፦ የወል ከለላ የሚሠራው በሽታው በሚከተቡት መሀል ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ነው። በአይጥ ሽንት የሚተላለፈውን ሌፕቶስፒሮሲስን የጎረቤት ውሻ ክትባት ከደጃችሁ አይመልስም። ፓርቮ ከውሻ ወደ ውሻ ቢሻገርም ቫይረሱ አፈር ውስጥ ለወራት ስለሚቆይ በጎረቤት ክትባት ተማምኖ ቡችላን ሳያስከትቡ መተው ያስቆጫል። ለተነከሰ ሰው ደግሞ ከለላ የሚባል ነገር የለም፦ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ በቀጥታ ጤና ጣቢያ። ወደ ጠበልም ሆነ ወደ ባህል ሐኪም የሚሄድ ሰው ይህን ካደረገ በኋላ ይሂድ። በሽታው ምልክት ካሳየ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል፤ በዓለም በየዓመቱ 59,000 ገደማ ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ በሰው ላይ ከሚደርሰው ከ100 99ኙ የሚመጣው በውሻ ነው።

ይህን ሁሉ ለጎረቤቴ ባጭሩ ስነግራቸው ቃሉን ወደዱት፤ ግን ወዲያው «ከለላው የወል ከሆነ ሌሎቹ ያስከትቡ፣ የኔ በነሱ ይጋረድ» አሉኝ። ጥያቄው የዋህ አይደለም፤ ቃሉ በገባበት ሁሉ አብሮ የሚገባ ብልጠት ነው።

«እትዬ፣ እስቲ እንቁጠር» አልኳቸው። በሩ ላይ ቆመን የመንገዳችንን ውሾች በጣታችን ቆጠርን፦ የሱቁን፣ የጥበቃውን፣ የልብስ ሰፊውን ሁለት፣ ባለቤት የሌላትን ነጯንም ጨምረን 11። የተከተቡት አምስት ናቸው።

«ስንት ይጎድላል?»

«ሦስት።»

ጎረቤቴ ዞር ብለው የራሳቸውን ውሻ አዩት።