ከቡሄ በኋላ፦ የዝናብ አወጣጥ፣ ውርጭና አጃ ከጉለሌ እስከ ሱሉልታ

«ቡሄ ካለፈ ክረምት የለም» የሚለው አባባል ለከተማ ሰው ልክ ነው። ጭቃው መቼ እንደሚጠፋ፣ ጃንጥላው መቼ እንደሚሰቀል ይነግረዋል። አጃ ግን በዚህ አይስማማም። በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ መጀመሪያ የተዘራ አጃ ነሐሴ 13 ቀን ሲደርስ ገና ቅጠልና አገዳ ነው፤ ዛላው በአገዳው ውስጥ እንደተጠቀለለ ነው። የሚዘረዝረው በመስከረም ነው፤ ፍሬው የሚሞላው መስከረም ሲያልቅና በጥቅምት፣ ማጭዱም የሚገባው ኅዳር ሲሆን ነው። የዚህ መጣጥፍ ክርክርም ከዚህ ይነሣል፦ በደጋችን የአጃን ምርት የሚወስነው የክረምቱ ብዛት ሳይሆን አወጣጡ ነው።

ጉለሌን ለዚህ ጉዳይ መነሻ ያደረግሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ክፍለ ከተማው ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ተነሥቶ ወደ ላይ የሚወጣ ነው። በራሱ ክልልና በኮልፌ ቀራንዮ የተንጣለለው፣ 705 ሄክታር ስፋት ያለው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ብሎ ይገኛል። የእንጦጦ ጀርባ ውኃ መለያ ነው፦ በደቡብ በኩል የወረደው ዝናብ በአቃቂ አድርጎ አዋሽን ይቀላቀላል፣ በሰሜን በኩል የወረደው ደግሞ በሙገር አድርጎ ዓባይን። ከአዲሱ ገበያ በጎጃም መንገድ ጥቂት ከተጓዙ የሱሉልታ ሜዳ ይገኛል፤ ቀጥሎ ጫንጮ፣ ከዚያም ሰላሌ። በሰላሌ ደጋ አጃ ለሰውም ለከብትም ይዘራል። በአዲስ አበባ ሰሜናዊ ዳርቻ ላም የሚያልቡ ሰዎች የሚገዙት ድርቆሽና ጭድም ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከዚያው ከሰሜኑ በኩል ነው።

«አጃ» ስንል ሁለት ነገር እንደምንል ቢታወቅ ጥሩ ነው። አንደኛው ከውጭ የገባው፣ 42 ክሮሞሶም ያለው የዓለም አጃ ነው። ሁለተኛው በገብስና በስንዴ ማሳ ውስጥ ሳይጋበዝ የሚበቅለው፣ 28 ክሮሞሶም ያለው የሀገራችን ስናር ነው። ሩሲያዊው ሳይንቲስት ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ከራስ ተፈሪ ጋር ተገናኝቷል፤ ስናርንም በገብስ ማሳ መካከል አይቶታል። አረም ሆኖ ገብቶ ቀስ በቀስ ሰብል የሚሆን ተክል አለ ለሚለው ሐሳቡም ጥሩ ምሳሌ ሆኖለታል። ስናር በቡቃያነቱ ከገብስ ስለማይለይ ለአራሚ ያስቸግራል፤ ሲደርስም ፍሬው እንደ ዱር ዘመዶቹ አይረግፍም፣ ከገብሱ ጋር ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ተፈጭቶ እንጀራና ጠላ ይሆናል። ገበሬው ነቅሎ የማይጨርሰው በስንፍና ነው የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም። ገብስ በጨቀየ መሬት ላይ ቢጫ ሆኖ በሚቀርበት ዓመት ስናር የተወሰነ ነገር ይሰጣል፤ ይህም ያልተጻፈ የሰብል ዋስትና ነው።

የአዲስ አበባ ዓመታዊ ዝናብ ከ1,100 እስከ 1,200 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲሆን አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም፣ በተለይም በሐምሌና በነሐሴ ነው። በነዚህ ሁለት ወራት የአጃ ጠላት ብዙውን ጊዜ የውኃ እጥረት አይደለም፤ ይልቅ የውኃ መብዛትና የፀሐይ ማነስ ነው። በመረሬ አፈር ላይ ውኃ ሲተኛ ሥሩ አየር ያጣል፣ ናይትሮጅንም ይባክናል፣ ቅጠሉ ይገረጣል። አጃ ይህን ከገብስ የተሻለ ይችላል፤ ኮምጣጣ አፈርንም እንዲሁ። በሌላ በኩል አንድ ኪሎ ደረቅ ተክል ለማፍራት ከገብስና ከስንዴ ይበልጥ ውኃ የሚጠጣ ሰብል ነው። ስለዚህ በሐምሌ ተርፎት የነበረው ውኃ በመስከረም ይጎድለዋል።

ጉድለቱ የት እንደሚታይ ለማወቅ አንድ ዛላ በእጅ ይዞ ማየት ይበቃል። የአጃ ዛላ ከጫፉ ጀምሮ ወደ ታች ነው የሚያብበው፣ ፍሬም የሚሞላው በዚያው ቅደም ተከተል ነው። የላይኛዎቹ ፍሬዎች ሲጠነክሩ የታችኛዎቹ ገና ወተት ናቸው። ዝናቡ በመስከረም አጋማሽ ድንገት ከተቆረጠ ጫፉ ሞልቶ ሥሩ ባዶ ቅርፊት ይሆናል። ዛላው በአገዳው ውስጥ ሳለ የደረሰ ችግር፣ ማለትም የረዘመ ደመና ወይም የምግብ እጥረት፣ እንዲሁ ከታች ያሉትን ያመክናል። በሁለት ጣት ጨምቆ የባዶዎቹን ብዛት የቆጠረ ሰው ወቅቱ እንዴት እንዳለፈ ከዛላው ላይ ያነባል።

የቀን ርዝመትም የራሱ ድርሻ አለው። አጃ ረጅም ቀን ወዳድ ነው፤ በአውሮፓ በጋ ቀኑ ሲረዝም ፈጥኖ ይዘረዝራል። በአዲስ አበባ ግን በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ከሰሜን የመጡ ብዙ ዝርያዎች እዚህ በቅጠል ላይ ይቆያሉ። ይህ ለመኖ በረከት፣ ለፍሬ ግን ጣጣ ነው፤ የዘገየው ፍሬ ከድርቁም ከውርጩም ጋር ይገጥማልና።

ውርጭ የሚመጣው በጥቅምት፣ ደመናው ተገልጦ ነፋሱ ሲተኛ ነው። መሬቱ በሌሊት ሙቀቱን ወደ ጠራው ሰማይ ይለቅቃል፤ የቀዘቀዘው አየርም ከባድ ስለሆነ ከተዳፋቱ እንደ ውኃ እየወረደ ሜዳው ላይ ይጠራቀማል። ከፍታ በጨመረ ቁጥር ይቀዘቅዛል የሚለው ደንብ እዚህ ላይ ይገለበጣል፦ በእንጦጦ ጎን ያለው ማሳ ሲተርፍ ዝቅ ያለው የሱሉልታ ሜዳ ሊመታ ይችላል። አጃ በቡቃያነቱ ብርድ ይችላል፤ በአበባና በወተት ጊዜ ግን አንድ ሌሊት ይበቃዋል።

ጠላቱ ድርቅና ውርጭ ብቻ አይደሉም። ዋግ የተባለው በሽታ ጠልና ለዘብ ያለ ሙቀት ይፈልጋል፤ መስከረም ሁለቱንም ያቀርብለታል። በረዶና ነፋስ የተቀላቀለበት ዶፍ ደግሞ ረጅሙን አገዳ ያጋሽበዋል። ከዚህም ሁሉ አልፎ በአጨዳ ሰዓት ያለ ወቅቱ የሚወርድ ዝናብ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ሲሞቅ በምሥራቅ አፍሪካ የወረደው ከልክ ያለፈ ዝናብ የቅርቡ ምሳሌ ነው።

የወቅቱ ውጤት በመጨረሻ ሰፌድ ላይ ይታያል። በደህና ዓመት እንኳ ከአጃ ፍሬ ክብደት ሩብ ያህሉ ቅርፊት ነው፤ ፍሬው ሳይሞላ የደረቀ እንደሆነ የቅርፊቱ ድርሻ ይበልጣል። ለአራስ አጥሚት የምታዘጋጅ እናት ይህን ሳትለካ ታውቀዋለች፦ ያው የተለመደው ቁና ተፈትጎና ተነፍቶ ሲያበቃ ዱቄቱ አነስ ይልባታል።

በነገራችን ላይ የዱር አጃ ጢም በደረቅ አየር ይጠመዘዛል፣ በእርጥብ አየር ይፈታል። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1665 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ጢም የአየር እርጥበት ማወቂያ አድርጎ አቅርቦታል። ተክሉ ራሱ የአየር ጠባይ መሣሪያ ሆኖ ሳለ እኛ የምንመዘግበው የወር ድምር ብቻ መሆኑ ያሳዝናል። የነሐሴ ድምር ብቻውን ስለ አጃ ብዙ አይነግረንም፤ የሚያስፈልገው ከቡሄ እስከ ኅዳር ሚካኤል በየአሥሩ ቀን የተከፈለ መዝገብ ነው፦ ዝናቡ የቆመበት ቀን፣ የሌሊቱ ዝቅተኛ ሙቀት፣ የባዶ ፍሬዎች ቁጥር። በእንጦጦ ጎንና በሱሉልታ ሜዳ አንድ አንድ መደብ አጃና ስናር ጎን ለጎን ዘርቶ ይህን መያዝ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ለጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልና ለሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች የማቀርበው ጥያቄም ይኸው ነው።